ለሟች ባለቤቴ ስለተፈቀደው የብድር ጣሪያ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ቪሴንቴ አራንዳ
የሀባጋት ባንክ የክሬዲት ካርድ ክፍል ዋና ኃላፊ
ማካቲ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ክቡር ቤተሰብዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ቢሮዎ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ከደብዳቤዎቻችሁ አድራሻ ስለተረዳሁ፣ ባሕሩ ሞልቶ ወደ ሰው ቤት የሚገባበት ይህ ወቅት እናንተን እንደማይነካችሁ አውቄ ደስ ብሎኛል። እኛ ማላቦን ያለነው ጠብታ ዝናብ ሳይጥል እስከ ቁርጭምጭሚታችን ውሃ ውስጥ ቆመን ስለምንውል፣ በዚህ አገር አንድ ደረቅ ሰው መኖሩን መስማት በራሱ ያጽናናናል።

ስሜ ቴዎፊላ ፓንጋኒባን ይባላል። ይህን ስም ባንካችሁ ከዚህ በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ በተደጋጋሚ ስላረጋገጠልኝ፣ እንደ አዲስ ራሴን ባስተዋውቅ ቅር እንደማይሰኙ እተማመናለሁ። የዳቦ ቤት ባለቤት ነኝ፤ ሰፈሩ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ የሚበላውን ትንሽ ዳቦ፣ ፓንደሳልን፣ የምንጋግረው እኛ ነን። ባለቤቴ ማግኖ በሕይወት ሳለ ከባንካችሁ ክሬዲት ካርድ አውጥቶ ነበር፤ ለእኔም በእሱው ካርድ ሥር «ተጨማሪ» የሚባለውን ካርድ አስወጣልኝ። ማግኖ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በካርዱ የገዛው ነገር ቢኖር አንድ ጥንድ ጫማና አንድ የሚዋጋ አውራ ዶሮ ነው፤ ዶሮው የተገዛው እኔ ሳላውቅ ነው። ከዚያ በተረፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ እርሾውን በካርዱ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ወር በመጣ ቁጥር ጥፍሬ ሥር ሊጥ ይዤ ባንካችሁ መስኮት ላይ ቆሜ ሙሉውን ዕዳ የከፈልሁትም እኔ ነኝ። አውሎ ነፋሱ የሰፈሩን ጣሪያ በወሰደበት ሳምንት እንኳ በጀልባ መጥቼ ከፍያለሁ። ያን ቀን ባንኩ ዝግ ስለነበር በማግስቱ እንደገና በጀልባ መጥቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የዳቦ ምድጃ ነው። ባለፈው ዓመት በጁላይ የመጣው ጎርፍ ምድጃችን ሥር ገብቶ ማቃጠያዎቹን በጨው በላቸው። ከዚያ ወዲህ ምድጃው በግራ በኩል ያሳርራል፣ በቀኝ በኩል ጥሬውን ያወጣል። ከመንገዳችን ጫፍ ያለው ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ዳቦ የሚወስደው ከእኛ ነው፤ ዳይሬክተሯ ደግ ሰው ስለሆኑ ብዙ ታገሡን፣ በመጨረሻ ግን «ቴዎፊላ፣ ልጆቹ እኮ ቅርፊቱን በልተው ሊጡን ኳስ እየሠሩ ይወራወሩበታል። ጁን ላይ ትምህርት ሲከፈት አዲስ ምድጃ ከሌለሽ ሌላ ዳቦ ቤት መያዜ ነው። እንግዲህ ተቀየሚኝ፣ ምን አደርጋለሁ!» አሉኝ። ምድጃ ሻጩ ደግሞ ወይ ሙሉውን ገንዘብ በእጅ፣ ወይ በክሬዲት ካርድ በአሥራ ሁለት ወር ያለ ወለድ አለ። በእጅ የነበረን ለማግኖ ሆስፒታልና ቀብር ወጥቷል። ትምህርት ቤቱ ከሄደ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፤ ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ እኔም ሁለቱ ጋጋሪዎቼም የምንገባበትን አላውቅም። ካርድ የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ ሽርሽር አልነበረም።

ከዚህ በታች በቁጥር ለይቼ የማቀርበው ቅሬታ እንዳይመስልዎ አደራ። ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው በእናንተ ዘንድ መጀመሪያ የሚታወቅ ሰው መሆን አለበት፤ እኔ ገና እዚያ ደረጃ አልደረስሁም። የማቀርበው ምስጋና ነው።

1. በመጀመሪያ ስለ መቀሱ አመሰግናለሁ።

ማግኖ ያረፈው ያለፈው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። የአርባው ቀን ጸሎት ካለቀ በኋላ ዘመድና ጎረቤት ኑድል እየበላ ሲጫወት፣ የባለቤቴን ማረፍ ለባንኩ ማሳወቅ እንዳለብኝ አነሣሁ። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ዓሣ ነጋዴዋ ሉዲንግ ሳህኗን አስቀምጣ «አንቺ ሴትዮ ጤናም የለሽ? ባንክ ውስጥ ማግኖ ምን ሆነ? አላመመው፣ አላሳለው! ተይው ይኑርበት!» አለችኝ። የማግኖ ወንድም ኔስቶር ደግሞ «እኔ እንኳ አባባን መብራት ቤት እስካሁን አልገደልሁትም። ሒሳቡ በስሙ ይመጣል፣ እከፍላለሁ፣ ሁላችንም ሰላም ነን» አለ። እኔ ግን የሞተን ሰው በሕይወት አለ ብሎ መቀመጥ ኃጢአት መስሎ ስለታየኝ፣ ደረቴ ላይ የሐዘን ጥቁር ሪባኔን ሰክቼ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን ውሃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ለሠራተኞቹም አንድ ካርቶን ጣፋጭ ዳቦ ይዤ ወደ ማላቦን ቅርንጫፋችሁ ሄድሁ።

የካርድ ጉዳይ የምትሠራው ወይዘሪት ራዛ እጄን ይዛ «ማም፣ በጣም ያሳዝናል፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ። እንባ ሲቀርባት አይቻለሁ፤ ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ከዚያ በሌላው እጇ መሳቢያ ከፈተችና ካርዱን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የሚያድሱልኝ መስሎኝ ሰጠኋት። ከመሳቢያው መቀስ አውጥታ ዓይኔ እያየ መሐል ለመሐል ቆረጠችው። «ዋናው ካርድ ያዥ ሲያርፍ ተጨማሪውም አብሮ ይዘጋል፣ ማም» አለችኝ። በጥንት ዘመን ባል ሲሞት ሚስትን በሕይወት አብረው የሚቀብሩ ሕዝቦች ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ልማዱ ግን እኛ ሰፈር ቅርንጫፍ ከፍቶ በአየር ማቀዝቀዣ እንደሚሠራ አላወቅሁም ነበር። ዳቦውን ግን ሳትመልሱ ስለተቀበላችሁኝ ደስ ብሎኛል፤ ብትመልሱት ኖሮ አፍር ነበር።

2. ሁለተኛው ምስጋናዬ ማንነቴን ስላስረዳችሁኝ ነው።

ምድጃው በተበላሸ ማግስት በራሴ ስም ካርድ ለማውጣት አመለከትሁ። ወይዘሪት ራዛ ስሜን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብታ ብዙ ከፈለገች በኋላ በሐዘኔታ «ማም፣ የብድር ታሪክ የለዎትም» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከፈልሁትን ባስታውሳት፣ የተከፈለው በአቶ ማግኖ ስም ስለሆነ ታሪኩ የአቶ ማግኖ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ይህን እያወራን ሳለ በሦስተኛው መስኮት ያለው ገንዘብ ተቀባይ ከሩቅ አይቶኝ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ታላቅ እህት በሚጠራኝ ስም «አቴ ቴያ! ዛሬ ዳቦ የለም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ወደ እሱ እያመለከትሁ «ይኸው፣ እሱ ያውቀኛል» አልኋት። «እሱማ ያውቅዎታል፣ ማም። የማያውቅዎት ሲስተሙ ነው» አለችኝ። ከዚያም ቅን ልጅ ስለሆነች፣ የሌላ ባንክ ክሬዲት ካርድ ካለኝ የእናንተን ለማግኘት በጣም እንደሚቀል ጠቆመችኝ። ወደ ሌላው ባንክ ብሄድ እነሱ ደግሞ የእናንተን ካርድ ጠየቁኝ። ሁለት ባንኮች እንዲህ ሲተማመኑ ማየት ደስ ይላል።

3. ሦስተኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በሴፕቴምበር በገበያ አዳራሹ ምድር ቤት «ተጨማሪ ካርድና ከፍ ያለ የብድር ጣሪያ የማግኛ ብልሃቶች» በሚል ርእስ ነፃ ትምህርት ሰጥታችሁ ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጬ ተከታተልሁ። አስተማሪው ጠባብ ሸሚዝ የለበሰ ትኩስ ወጣት ነበር፤ ስንገባም የባንካችሁ ስም ያለበት የወረቀት ማራገቢያ ታድሎናል። የተባለውን ሁሉ በቃሌ ይዣለሁ። ታሪክ የሌለው ሰው መጀመሪያ ገንዘብ አስቀምጦ በዚያ ዋስትና ትንሽ ካርድ ያውጣ፤ ካርዱን አዘውትሮ ይጠቀም፤ ስድስት ወር ይታገሥ፤ ከዚያ ጣሪያው ከፍ እንዲልለት በትሕትና ይጠይቅ።

እንዳላችሁ አደረግሁ። ማግኖ ተሳፋሪ ያመላልስበት የነበረውን ባለ ሦስት እግር ሞተር ሸጬ ገንዘቡን ወስጄ አስቀመጥሁላችሁ። እናንተም ያንኑ የራሴን ገንዘብ በካርድ አድርጋችሁ መልሳችሁ አበደራችሁኝና እንኳን ደስ ያለሽ የሚል ደብዳቤ ላካችሁልኝ። በእውነቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ካርዱ ላይ የታተመው ስም የእኔ ነበርና ለሁለቱ ጋጋሪዎቼ አሳይቻቸዋለሁ። የጣሪያው መጠን ከምድጃው ዋጋ ሩቡን እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ቀስ በቀስ ይጨምራል ብዬ ተጽናናሁ።

ቀጥሎ «አዘውትሮ መጠቀም» የሚለው መጣ። እኔ ከዱቄት በቀር የምገዛው ነገር የለኝም፤ የሰፈሩ ሰው ግን አለው። እርስዎ ያደጉበትን ሰፈር ባላውቅም እኛ ዘንድ ካርድ ያለው ሰው ካርዱ የመንገዱ ሁሉ ነው። ወሬው በአንድ ጠዋት ተዳረሰ። «አቴ ቴያ፣ እስቲ በካርድሽ ማራገቢያ አውጪልኝ፣ በየሳምንቱ እከፍልሻለሁ» ያለ መጣ። ለክርስትና ድግስ የሚጠበስ አሳማ፣ የጎረቤት የጥርስ ወጪ፣ የኔስቶር የካራኦኬ ማሽን፣ ሁሉም በእኔ ካርድ ወጣ። ሁሉም ደግሞ ከፈለ፤ አንዳንዱ በገንዘብ፣ አንዳንዱ በዓሣ። ኔስቶር ቀኑን ሲያሳልፍ ደጁ ሄጄ ማሽኑን ከነማጉያው ተሸክሜ ስወጣ ያኔውኑ ከፈለኝ። ለእናንተ አንድም ቀን አልዘገየሁም። ከዚህ በላይ አዘውትሮ የተጠቀመ ደንበኛ በማላቦን እንዳልነበራችሁ እርግጠኛ ነኝ።

ስድስቱ ወር ሲሞላ ጣሪያው ከፍ እንዲልልኝ በትሕትና ጠየቅሁ። መልሳችሁ ሁለት መስመር ነበር፤ ካርዴን በየወሩ እስከ ጣሪያው ስለምጠቀም የገንዘብ ችግር ያለብኝ ደንበኛ መስዬ ታይቻለሁና መጠኑን ልትጨምሩልኝ እንደማትችሉ የሚገልጽ ነው። ጣሪያውን ከፍ አድርጉልኝ ያልሁት ራሴን ስለሚመታኝ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ መልስ አላገኘሁም።

4. ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ካርዱን ሳልነካ ስላስቀመጥሁት «እንቅስቃሴ የማያሳይ ደንበኛ» በማለት ማስጠንቀቂያ ስለላካችሁልኝም አመሰግናለሁ። ፈጣኖች ናችሁ።

5. አምስተኛው ስለ ስልክ አገልግሎታችሁ ነው።

የሉዲንግ የእህት ልጅ በስልክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ለአሜሪካኖች ባንክ ስለሚሠራ ብልሃቱን አስጠናኝ። «አክስት፣ ልመና አይሠራም። ‹ካርዴን ልዘጋ አስቤአለሁ› በያቸውና ዝም በይ። ዝምታው ነው የሚያስፈራቸው። ወዲያው የሆነ ነገር ይሰጡሻል» አለኝ። በመስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድሁ። ደወልሁና ለሙዚቃችሁ የሚገባውን ጊዜ ሰጥቼ ስጨርስ፣ ጀሪኮ የሚባል ድምፁ ማር የሆነ ልጅ አነሣው። እንደተማርሁት «ካርዴን ልዘጋ አስቤአለሁ» ብዬ ዝም አልሁ። እሱም ዝም አለ። ለካ እሱንም ዝም እንዲል አሠልጥናችሁታል። እንዲህ ተፋጠን ሳለ ሊጤ እየኮመጠጠ ስለነበር በመጨረሻ ቀድሜ የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ አሸነፈኝ። «ማም፣ እርስዎን ማጣት አንፈልግም» አለኝ፣ «ስለዚህ እንደ ልዩ ስጦታ ለሦስት ወር ክፍያ ቢያዘገዩ የሚጣልብዎትን ቅጣት እንተውልዎታለን።» በሕይወቴ ዘግይቼ እንደማላውቅ ብነግረው «እንግዲያው ስጦታው ጊዜው አያልፍበትም፣ ማም» አለኝ። ልጁን አልተቀየምሁትም፤ የታዘዘውን ነው የሚናገረው። ያዘዘውን ሰው ግን በአካል ባገኘው ዳቦ ይዤለት አልሄድም።

6. ስድስተኛውና ለዚህ ደብዳቤ ርእስ የሆነው ለባለቤቴ ስላሳያችሁት አክብሮት ነው።

ልክ እኔ እንደማልታመን በጽሑፍ በተገለጸልኝ ሳምንት፣ ወፍራም ወርቃማ ጫፍ ያለው ፖስታ ከባንካችሁ መጣ። የተጻፈው ለማግኖ ነበር። በውስጡም «የተከበሩ አቶ ማግኖ፣ ላለፉት ዓመታት ያሳዩትን ፍጹም የክፍያ ሥነ ሥርዓት በማድነቅ ከፍተኛ ደረጃ ያለው አዲስ ካርድ እንዲወስዱ ተመርጠዋል» ይላል። የተፈቀደለት ጣሪያ እኔ እንደፈለግሁት ያለ ምድጃ ሦስት ይገዛል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ባሌ መልካም ነገር ስለተጻፈ መጀመሪያ ላይ አለቀስሁ፤ ቀጥሎ የተደነቀው የክፍያ ሥነ ሥርዓት የማን እንደሆነ ሳስበው እንባዬን ጠርጌ ተናደድሁ። ይህን ያልሁት ምስጋናውን ለማደብዘዝ አይደለም።

ደብዳቤውን ይዤ ቅርንጫፉ ስሄድ ወይዘሪት ራዛ አንገቷን ደፍታ «ማም፣ እኛ የካርድ ክፍል ነን፣ ዘግተነዋል። ይኼን የላከው የግብይት ክፍል ነው፤ እነሱ ዘንድ ገና አልሞቱም» አለችኝ። መቼ እንደሚሞት ብጠይቃት አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ ማግኖ ሁለት ደብዳቤዎችና አንድ የልደት መልካም ምኞት ደርሶታል። ስልክም ተደውሎለታል። የደወለችው ልጅ «አቶ ማግኖን ማነጋገር እችላለሁ?» ስትል፣ ወደ መካነ መቃብሩ ከተዛወረ መሰንበቱን በግልጽ ነገርኋት። አድራሻ የቀየረ መስሏት «ታዲያ መቼ ቢደወል ይመቻቸዋል፣ ማም?» አለችኝ። ኖቬምበር አንድ ቀን ሁላችንም ሻማና ምግብ ይዘን እሱ ዘንድ ስለምንውል ያን ቀን ቢደወል ከአጠገቡ ሰው እንደማይጠፋ ገለጽሁላት። «ኖቬምበር አንድ። መዝግቤአለሁ፣ ማም» አለች። በዚያ የሙታን መታሰቢያ ቀን አገሩ በሙሉ ሥራ ዝግ እንደሆነ እንኳ ሳታስታውሰኝ ስለመዘገበች ትጋቷን አደንቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንነት ልናዘዝ። የግብይት ክፍላችሁን ጥያቄዎች በሙሉ ልመልስ እችል ነበር። የማግኖን የእናት ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ በመጨረሻ የገዛውን ዕቃ አውቃለሁ፤ ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝና። ኔስቶር «እኔ በማግኖ ድምፅ አወራለሁ፣ አንድ እናት ነው የወለደችን» ብሎ ሁለት ቀን ተለማምዷል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው፤ ዳይሬክተሯም ከሌላ ዳቦ ቤት ናሙና እየቀመሱ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ስልኩን አንሥቼ ቁጥሩን ጀምሬ ነበር። የተውሁት እናንተን ፈርቼ አይደለም። ምድጃውን በእሱ ስም ካወጣሁት ዳግመኛ የማግኖ ተጨማሪ ሆኜ ልቀር ነው ብዬ ስላሰብሁ ነው። ባሌን እወደው ነበር፤ በሕይወት ዘመኑ ግን አንዲት ከረጢት ዱቄት ዋጋ አያውቅም ነበር።

7. የመጨረሻው ምስጋናዬ ምድጃውን ይመለከታል፤ ምድጃው መጥቷልና።

አሊንግ ፑሪንግ የምላት አሮጊት ጎረቤት አለችኝ። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ምክንያቱን በኋላ ይረዱታል። ልጇ መርከበኛ ስለሆነ በየወሩ ከባሕር ማዶ ገንዘብ ይመጣላታል፤ እናንተም በዚያ ምክንያት ሳትጠይቃችሁ ካርድ ልካችሁላታል። ተጠቅማበት አታውቅም፤ ከእመቤታችን ሥዕል ኋላ አስቀምጣዋለች። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሲቃረብ በጠዋት ወደ ዳቦ ቤቱ መጥታ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ፣ ዱቄቱ መሐል ወረወረችው።

«እንኪ ይሄን። ምድጃሽን አውጪ» አለችኝ።

አይሆንም አልኋት። እምቢታዬ ከልብ ነበር።

«ስሚኝ ቴያ» አለች፣ «ከጎርፉ ወዲህ የምበላው ዳቦ ግማሹ ከሰል ነው። ያሉኝ ጥርሶች ደግሞ በአንቺው ካርድ የተገዙ ናቸው፤ ላጠፋቸው አልፈልግም። ለእኔ ብለሽ አውጪ።»

ምድጃው ትምህርት ቤት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ገባ። ከጎርፉ እንዲርቅ ከመሬት ከፍ ባለ የሲሚንቶ መደብ ላይ አስቀምጠነዋል። ዳቦው በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ወርቃማ ሆኖ ይወጣል፤ ዳይሬክተሯ የመጀመሪያውን ራሳቸው ቆርሰው ቀምሰው ትእዛዙን ጨመሩት። ሁለቱ ጋጋሪዎቼም ሥራቸው ላይ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወር በመጣ ቁጥር ቀኑ ሳይደርስ ወደ ሦስተኛው መስኮት ሄጄ እከፍላለሁ፤ እንደ ቀድሞው ሁሉ በሌላ ሰው ስም።

ባለፈው ሳምንት ከባንካችሁ ለአሊንግ ፑሪንግ ደብዳቤና ጃንጥላ መጣላት። ካርዱን በኃላፊነት በመጠቀሟና ሳታዛንፍ በመክፈሏ አመስግናችኋት የብድር ጣሪያዋን እጥፍ አድርጋችሁላታል። ሁለተኛ ካርድም ትወስድ እንደሆነ ጠይቃችኋታል። ያነበብሁላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ደክሟል። ሳነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። «ጃንጥላው እንኳ ያንቺ ነው፣ ውሰጂው» አለችኝ። አልወሰድሁትም።

እንግዲህ የገባኝን ልናገር። በአገራችን ከፍ ያለ ጣሪያ የማግኘት አስተማማኙ ብልሃት፣ በትምህርታችሁ ላይ ያልተጠቀሰው፣ ቴዎፊላ ፓንጋኒባን እንድትከፍልልህ ማድረግ ነው። ለማግኖ ሠርቷል፤ ለአሊንግ ፑሪንግ ሠርቷል፤ ኔስቶርም ከጎኔ መቀመጥ ጀምሯል። የማይሠራው ለቴዎፊላ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ካርድ አልለምንም፤ ጣሪያም ከፍ አድርጉልኝ አልልም። ምድጃው አለኝ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። አንድ ሠራተኛ ይምጣና ሦስተኛው መስኮት አጠገብ ቆሞ፣ ወር ሲሞላ በሩን ገፍታ የምትገባዋን ሴት ይመልከት፤ ተመልሶም ሃያ ዓመት ሲከፍል የኖረው ማን እንደሆነ ለሲስተማችሁ ይንገረው። ስሜ ምናምንቴ ሆኖ መቅረቱ ያንገበግበኛል። በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንዲህ ብቻ ነው የሚጻፈው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለክፍልዎ ሠራተኞች የሰላም ሥራን፣ ለሃያ ሁለተኛው ፎቅ ደግሞ ደረቅ ክረምትን እየተመኘሁ፣ ይህን የተጨማለቀ ወረቀት በእጅዎ መንካት ግድ ስለሆነብዎት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ዱቄት ነው፣ ይራገፋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በሲስተማችሁ ያልተመዘገበች ታማኝ ደንበኛችሁ፣

ቴዎፊላ ፓንጋኒባን
ዳቦ ጋጋሪ፣ ማላቦን

ግልባጭ፦
ለግብይት ክፍል
ለወይዘሪት ራዛ፣ ከይቅርታ ጋር
ለሦስተኛው መስኮት

ሳልረሳው፦ አሊንግ ፑሪንግ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰሞኑን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ትተነፍሳለች። ሐኪሙ ያላትን ለልጇ፣ ለቄሱና ለእኔ ነግራለች። ትናንት ጠርታኝ የምድጃው ዕዳ ሳያልቅ አንድ ነገር የሆነች እንደሆነ የሚደረገውን አዘዘችኝ፤ ለሬሳ ሣጥኑ፣ ለጸሎቱ፣ ለሚመጣው ሰው ኑድል ሁሉ ሰው መድባለች። እናንተን አላነሣችም። እኔም በአንድ ካርቶን ዳቦ የተማርሁትን ስላልረሳሁ አላነሣኋችሁም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት ቀኑ ሳይደርስ የምትከፍል፣ የማትደውል፣ ምንም የማትጠይቅ አንዲት እጅግ የተከበረች ደንበኛ ብታዩ ጣሪያዋን ሳትሰስቱ ከፍ አድርጉላት፤ ከእንግዲህ ከእኛ መንገድ ለባንካችሁ የሚነገር ሞት የለም።